የቆጣቢ ቤተሰብ ሽልማታችንን ስለ መቀበል

ለመብራት ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ
ለክቡር ዶን ሊሳንድሮ ባራኦና
ደቡብ ቺሌ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ደረትዎን አይያዝዎ፣ እግርዎን አይብረድዎ። ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ በሸሚዝ ብቻ ተቀምጠው ስላየሁዎት በዚህ በኩል ሐሳብ አይገባኝም። እኔ ኤርሜሊንዳ ኦያርሱን የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ፤ የሮሳሜል ሚስት ነኝ። «ነበርኩ» ማለቱን ምላሴ ገና አልለመደውም።

ኩባንያዎ «የዓመቱ ቆጣቢ ቤተሰብ» ብሎ ስለ መረጠን፣ ሽልማቱም አዲስ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስለ ሆነ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልወስድ ብመጣ ግን ጸሐፊዎ «ውሉ በባልዎ ስም ነው፤ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ካልመጣ አንሰጥም» አለችኝ። «ሞቷል እኮ የኔ ልጅ» ብላት «እንግዲያው ሲመቸው ይምጣ» አለችኝ። ወረፋው ረጅም ስለ ነበር አልሰማችኝም መሰለኝ። ስለዚህ ባለውሉ ያልመጣበትን ምክንያት በትሕትና ላስረዳ።

አንደኛ፤ ማሞቂያችንን የመረጥነው በእርስዎ ምክር ነው። ጭስ ከተማው ላይ በተኛ ቀን የእንጨት ምድጃ እንዳናነድ ማዘጋጃ ቤቱ ከልክሎናል። የሮሳሜል ደረት ደካማ ነበርና ነጭ ጋዙ ስለሚሸት ቀረ፤ የሲሊንደሩም ጋዝ መስኮት ካልተከፈተ አይሆንም ተባለ፤ መስኮት ከፍቶ መሞቅ ደግሞ ለሀብታም ነው። በራሪ ወረቀታችሁ «ዘይት ያለበትን ግዙ፣ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ ይቆያል፤ ክፍሉን ሳይሆን ሰውን አሙቁ» ይላል። እግዜር ይስጥልን፣ ገዛን።

ሁለተኛ፤ «የክረምት ጣሪያ» የምትሉት የፍጆታ መስመር። በክረምት ከመስመሩ ያለፈ ሰው ላሳለፈው ሁሉ በውድ ዋጋ ይከፍላል፤ ማለትም ሰው ሲበርደው ነው ዋጋው የሚንረው፤ እንዲህ ያለው ጥበብ ለእኛ ለማይማን ከቶ አይገባንም። ሮሳሜል ቆጣሪው ሥር ቆሞ «ኤርሜ፣ እይው እስቲ፣ እንዳበደ ውሻ ይሮጣል!» ይል ነበር። በኛ አገር ደግሞ ወንድን «ብርድ ፈሪ» ማለት ስድብ ነው፤ ጫካ ውስጥ እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ሰው በረደኝ አይልም። «በርዶሃል ወይ?» ስለው «ብርድ ፈሪ አደረግሽኝ እንዴ?» ይለኛል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ሦስተኛ፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ ውኃ ተቋርጦበት ሳልጠበቅ ተመለስኩ። ሮሳሜልን ካፖርቱን ለብሶ፣ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ወንበር ላይ ተኮራምቶ አገኘሁት። «ሞቆኝ አሁን ገና አጠፋሁት» አለኝ። እጄን ማሞቂያው ላይ አሳረፍኩ። ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ ይቆያል ያላችሁት ማሞቂያ የወንዝ ድንጋይ ሆኗል። ለካ ክረምቱን ሙሉ እኔ ስወጣ ያጠፋዋል፤ መምጫዬ ሲቃረብ ያበራዋል፤ በሩን ስከፍት ቤቱ ሞቆ እንዲቀበለኝ። ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ልሁንልህ? ልትገለኝ ነው?» አልኩት። «ብቻዬን የምሞቀው ለማን ብዬ ነው?» አለና ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረ። ብርዱ ሳንባው ገብቶ ነበር፤ ነሐሴን አልጨረሰም።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ አንጀቴ ተቃጥሏል። ለካ እኔ የባሌን ዕድሜ ስሞቅ ነው የከረምኩት። እናንተ ቆጣቢ ያላችሁት እሱን ነው፤ እውነታችሁን ነው፤ እኔን አይጨምርም። ሽልማቱን ግን ለሌላ ብርድ ለማይፈራ ሰው ስጡልኝ፤ ሚስቱ ውላ የምትገባ ከሆነም፣ እሷ በሌለችበት ማን እንደሚያበራው አደራ ጠይቁልኝ።

ለሰጡን ታላቅ ክብር እጅ እየነሳሁ፣ ሁልጊዜም ከመስመሩ በታች የምገኝ ታዛዥ ደንበኛዎ፣

ኤርሜሊንዳ ኦያርሱን
የባለውሉ መበለት

ማስታወሻ፦ በኛ ልማድ ሬሳ ያለበት ክፍል አይሞቅም። ስለዚህ ሮሳሜል ሳይቀበር በሳሎኑ በዋለበት ቀን፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ሲያለቅስ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ ነበር። ይህንንም በቁጠባችን ላይ እንድትደምሩልን አመለክታለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።