አቶ ዳርጌ ሻንቆ እና የየካቲት 6 እሑድ

አቶ ዳርጌ ሻንቆ ከአባታቸው ከአቶ ሻንቆ ኤርጎና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉነሽ ነጋሽ በ1938 ዓ.ም. በአልዱባ አቅራቢያ ተወለዱ። ጂንካ በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። የእጅ ጽሑፋቸው እጅግ የተዋበ ስለነበር መምህራኑ የተማሪዎችን የስም ዝርዝር የሚያስገለብጡት እሳቸውን ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ከወ/ሮ አለምነሽ ተገኝ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1966 ዓ.ም. ከጂንካ ወጣ ብሎ በሚገኝ የእንጨት መሰንጠቂያ በግንድ ቆጣሪነት ተቀጠሩ። በቀጣዩ ዓመት ድርጅቱ በመንግሥት ሲወረስ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ስምንት ዓመታት ሠራተኛው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት ሳያዛንፉ መዝግበዋል። አምስት ደቂቃ ያረፈደውን አምስት ብለው ይጽፉ ነበር እንጂ አራትም ስድስትም አላሉም። ሠራተኛው «ጋሽ ደቂቃ» የሚል ስም አወጣላቸው። ከሁሉም በላይ የሚቀልድባቸው ግንድ ጫኙ ዶላሞ ነበር። አንድ ደመናማ ጠዋት፣ «ጋሽ ደቂቃ፣ ፀሐይዋንም አርፋጅ ብለው ይጻፏት እንጂ!» ብሎ ሰልፉን ሁሉ አስቋል። አቶ ዳርጌም ቀና ሳይሉ፣ «እሷ የተቀጠረችበት ፎርም የለኝም» ብለውታል።

ቅዳሜ የካቲት 5 ቀን 1975 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ የተከመረው ግንድ ዝናብ ሳይደርስበት ስለሚጫን በነጋታው እሑድ የልማት ዘመቻ መኖሩን አስታወቁ። የቀረ ሰው ስሙ ለቀበሌ እንደሚተላለፍም ተናገሩ። ከሃያ ሦስቱ ሠራተኞች አብዛኞቹ እሑድ በየቤቱ ተሰብስበው የሚጸልዩ ነበሩ። አቶ ዳርጌ ራሳቸው ከዚሁ የጸሎት ጉባኤ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። እሑድ ጠዋት ግን አንድም ሰው አልቀረም።

ለአቶ ዳርጌ ለዘመቻው የተለየ የስም ወረቀት ተሰጣቸው፤ በየስሙ ትይዩ ለአስተያየት የተተወ ባዶ ቦታ ነበረው። አቶ ዳርጌ ቦታውን ባዶ ቢተዉት፣ ሰዎቹ ሳይወዱ የወጡ ተብለው ስማቸው በክፉ ይነሳል ብለው ሠጉ። ስለዚህ ማንም ሳያዛቸው፣ ወዳጆቻቸውን የሚጠብቁ መስሏቸው፣ በሃያ ሦስቱም ስም ፊት «በፈቃዱ» ብለው ጻፉ። ለዶላሞም እንዲሁ ጻፉለት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የግንዱን ክምር ያሰረው ሰንሰለት ተበጠሰ። ዶላሞ በቦታው ሞተ። አቶ ዳርጌ ሊያወጡት ሲሮጡ ሌላ ግንድ ተንከባልሎ ግራ እግራቸውን ስላደቀቀው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ።

ዶላሞ ባለቤቱን ወ/ሮ ዘሪቱንና ሁለት ሴቶች ልጆችን ጥሎ ነው የሞተው። አቶ ዳርጌ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን አስመጥተው ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ጥፋቱ የአሠሪው መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ጉዳቱ በሥራ ምክንያት መድረሱን ማሳየት ይበቃዋል። ሠራተኛው ከሞተም ካሣው ለሚስቱና ለልጆቹ ይሆናል። ይህን ሲያነቡ ጉዳዩ ያለቀላቸው መስሏቸው ለወ/ሮ ዘሪቱ፣ «አይዞሽ፣ ሕጉ ያንቺ ነው» ብለው ላኩባቸው።

ወ/ሮ ዘሪቱ ጂንካ ፍርድ ቤት ላቀረቡት የካሣ ክስ የድርጅቱ መልስ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። ዶላሞ በዚያ ቀን በገዛ ፈቃዱ ለዘመቻ የወጣ ስለሆነ በሥራ ላይ አልነበረም የሚል ሲሆን፣ ለማስረጃነት የአቶ ዳርጌ ወረቀት ተያይዟል። አቶ ዳርጌ ራሳቸው ግን ሰዓት እንዲቆጣጠሩ በደብዳቤ የታዘዙ በመሆናቸው የሥራ ጉዳት እንደደረሰባቸው ድርጅቱ እንደሚቀበል ተገለጸላቸው። የሚጠበቅባቸው ወረቀቱ ትክክል ነው ብለው መፈረም ብቻ ነበር። አልፈረሙም። የራሳቸው ካሣ በዚያው ቀረ።

በ1976 ዓ.ም. ክርክሩ በተሰማ ዕለት በምርኩዝ ቆመው መሰከሩ። የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ወረቀቱን አሳይቶ፣ «ይህ ጽሑፍ የማን ነው?» አላቸው።

«የእኔ ነው።»

«‹በፈቃዱ› የሚለውስ?»

«እሱም የእኔ ነው፤ ግን እውነት አይደለም።»

«በስምንት ዓመት ውስጥ ስንት ቀን ውሸት ጽፈዋል?»

«ያን ቀን ብቻ።»

በችሎቱ የነበረው ሰው ሳቀ። ለምስክርነት ከተጠሩት ሠራተኞች መካከል የቀረበው ሶርሳ ብቻ ነበር። ተገድደህ ነው ወይ የወጣኸው ተብሎ ሲጠየቅ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ዘመቻ ነው፤ ደስ ብሎን ነው የወጣነው» አለ። አቶ ዳርጌ በሶርሳ ላይ ክፉ ቃል ተናግረው አያውቁም፤ በዚያ ዘመን ሌላ መልስ መስጠት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያውቁ ነበርና። ፍርድ ቤቱ ከአቶ ዳርጌ ቃል ይልቅ ጽሑፋቸውን አመነ። አቶ ዳርጌ በምርኩዝ እየተደገፉ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው እስከ አርባ ምንጭ ይግባኝ ወሰዱ፤ በ1978 ዓ.ም. ግን የጂንካው ፍርድ ጸና።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማመልከቻ ጽፈዋል። በየዓመቱም ጉዳዩ በፍርድ ያለቀ ነው የሚል መልስ ደርሷቸዋል። ወ/ሮ ዘሪቱ ወደ ዲመካ ተሻግረው ገበያ ላይ ጨው መቸርቸር ጀመሩ፤ ታላቋ ልጃቸው ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ሰው ቤት ተቀጠረች። አቶ ዳርጌ ይህን የሰሙ ቀን እህል አልቀመሱም። ወ/ሮ ዘሪቱ ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይተዉት በቃ። እርስዎ ባይጽፉትም ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር» አሏቸው። አቶ ዳርጌም፣ «ሌላ ሰው ቢጽፈው፣ እኔ ሐሰት ነው ብዬ ስመሰክር እታመን ነበር» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሊያጽናናቸው የሚችል ቃል አላገኘም።

ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የተቆረጠው እግራቸው ደጋግሞ እያመረቀዘ አሠቃያቸው። በሕክምናም በቤትም ሲረዱ ቆይተው ዓርብ ታኅሣሥ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው በጌታ አንቀላፉ።

ከማረፋቸው አስቀድሞ፣ በሕይወት ታሪካቸው ላይ አንድ ነገር ተጽፎ በሕዝብ ፊት እንዲነበብላቸው አደራ ብለዋል። ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንደማይሆን፣ ለወ/ሮ ዘሪቱም ምንም እንደማያስገኝ እያወቁ ነው አደራ ያሉት። ቤተሰቡም አደራቸውን ይፈጽማል፦ የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም. እሑድ የሥራ ቀን ነበር። ሃያ ሦስቱም ሰዎች የወጡት ታዘው ነው። ዶላሞ የሞተው በሥራ ላይ ነው።

ባለቤታቸው ወ/ሮ አለምነሽ፣ ልጆቻቸው ወንድሙና ያለምወርቅ በኀዘን ላይ ናቸው። ከዲመካ የመጡት ወ/ሮ ዘሪቱና ልጆቻቸውም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር የአቶ ዳርጌን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ እሳቸው አጥብቀው ለምነው ያላገኙላቸውን ደግሞ ለእነዚህ ልጆች እሱ ይስጣቸው። አሜን።