ቶርዲስ ይዛብኝ የሄደችው ገና

ሶግን፣ ዲሴምበር 16

የኔ ልጅ ኤልድሪድ፣

እዚያ ሰሜን ፀሐይ የማይወጣበት ጨለማ እንዴት ይዞሻል? ካልሲ ደርበሽ እደሪ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከባለፈው ይሻላል።

ትናንት የገናውን ብስኩት፣ ፋቲግማን፣ ስጠብስ አክስትሽ ቶርዲስ መጣች። የዓሣ እርባታው የሞተ ዓሣ ባሕር ሰላጤያችን ፊዮርዱ ውስጥ እንደሚደፋ ለጋዜጣ ከተናገርሽ ወዲህ ደጄን የረገጠች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። የአሳማው ሞራ ግሏል፤ የእያንዳንዱን ሊጥ ጫፍ መሀሉ ላይ በተሰነጠቀው ቀዳዳ አሾልኬ ጨርሻለሁ። «ግቢ» አልኳት። በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ዘንድሮ ለቅዳሜው የመንደሩ አዳራሽ የገና ግብዣ አትድከሚ፤ ሌላ ሰው ይጠብሳል።»

«ማን? አንቺ? ያንቺማ ሞራ ጠጥቶ ነው የሚወጣው።»

«ኦስሂልድ፣ ቀልዱን ተይው። እርባታው ቢዘጋ ወንዶቹ ሥራ ፈተው ቤት ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ተነሺና ‹ልጄ ተሳስታለች› በይ። በቃ፣ ሁሉም ይረሳል።»

«አልተሳሳተችማ።»

«ትንሽ ቃል እኮ ናት!»

«ትንሽ ከሆነች ያለሷ እንኑራ።»

ዞር ብላ ሄደች። ምንም ሳትቀምስ! በገና ሰሞን ሳይቀምስ የወጣ እንግዳ የቤቱን ገና ይዞ እንደሚሄድ ያስተማረችኝ፣ የአባትሽ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ፣ እሷው ራሷ ናት። ድስቱን ከምድጃው አወረድኩና ሳህን ይዤ፣ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ፣ በበረዶው ተከተልኳት። ሰው ፊት ድምፄ የማይሰማው እኔ መንገድ ላይ ጮህኩ።

«ቶርዲስ! ገናዬን መልሺ!»

የጎረቤቱ መጋረጃ ሁሉ ተገለጠ።

«አበድሽ እንዴ? ሰው እያየን ነው።»

«ይይ። ቅመሺ።»

«ጥርሴን ያመኛል።»

«አጥንት አልሰጠሁሽም።»

አንዱን ነከሰች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ሌላ አንስታ ኪሷ ከተተች። «ይጣፍጣል። ቅዳሜ ግን አትምጪ» አለችና ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

እሄዳለሁ። ሳህኑን ጠረጴዛው መሀል አስቀምጬ «ይህ ከእኔና ከኤልድሪድ ነው» እላለሁ። የፈለገ ይብላ። ማንም ካልነካው ብቻዬን ቁጭ ብዬ እበላለሁ እንጂ ያቺን ቃል ከአፌ አያገኟትም።

ያንቺን ድርሻ በዚህ የቆርቆሮ ሣጥን ልኬልሻለሁ፤ መንገድ ላይ የተሰበረ ካለ በወተት ብዪው። ደግሞ ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ «እማዬ፣ ለብቻሽ ስላስቀረሁሽ ይቅርታ» ያልሽውን መስመር በመቀስ ቆርጬ እሳት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። የቀረው ትራሴ ሥር ነው። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትጽፊልኝ።

እግዚአብሔር አንገትሽን ቀና እንዳደረግሽ ያኑርሽ።

እናትሽ ኦስሂልድ