እንቁላል ያላት ዓሣ

መጋቢት 15፣ 2016
ዛሬም አማቴ የሠራሁትን አልቀመሱም። ሽሮዬን ገፋ አድርገው ቆሏቸውን ቆረጠሙ። ልጃቸውን አግብቼ ጅጅጋ ከገባሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ... ከእጄ አንድ ቀን እንኳ አልበሉም። ባሌ የኋላሸት «እናቴ እንዲህ ናት፣ አትብሰልሰይ» ይላል። ለሱ ቀላል ነው። እኔን ያንገበግበኛል።

ዓሣ ልሥራ መሰለኝ። የዝዋይ ልጅ በሌላ በምን ታሸንፋለች? እዚህ ቤት ደግሞ ዓሣ የጾም ነው። ቄሱ አይስሙ።

መጋቢት 22
ገበያ ሄድኩ። ከበርበራ ወደብ በበረዶ የሚመጣው የባሕር ዓሣ ከኛ ከሐይቁ ቆሮሶ ጋር ዝምድናም የለው። ሻጯ ሪሐና ረመዳን ይዛ፣ አፏ ደርቆ ታስረዳኛለች። ረዘም ያለ፣ ብርማ፣ ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ጠቆር ያሉ መስመሮች ካሉት ደራክ የሚባለው ምርጡ ዓሣ ነው። መስመር የሌለውን ደራክ ነው ቢሉሽ እንዳታምኚ አለችኝ።

እኔ ሆዷ ሞላ ያለችውን መረጥኩ። ሥጋ የበዛላት መስሎኝ!

ቤት ስከፍታት እንቁላል ሞልቷታል። አማቴ በላዬ ቆመዋል። «በሁዳዴ እንቁላል?» ብለው አማተቡ። አለቀልኝ።

መጋቢት 23
ኩርፊያ። እንቁላሉ ቢጣል ሥጋው የጾም ነው? ዝዋይ ስንቴ በልቻለሁ... ገድፌ ኖሯል?

መጋቢት 24
አማቴ ራሳቸው ጀመሩ። ስለ ጾሙ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ነገር ሲከነክናቸው ነው የሰነበተው።

«ቱሊ ጉሌድ፣ ከብት አርቢዎቹ ጋ ስንሄድ እርጉዝ ፍየል የሚያርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም አልኩ።

«ታዲያ ዓሣ ስትሆን እናት አይደለችም?»

ዓሣ አገር ተወልጄ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ግን ደስ አለኝ። እንዲህ አውርተን አናውቅም ነበር።

ሚያዝያ 6
አብረን ገበያ ወረድን። አማቴ ሆድ እየዳሰሱ እንቁላል ያላትን ወደ ጎን፣ ጩጬውንም ወደ ጎን። «ይደግ» አሉ። በረዶ ላይ ተጋድሞ! ሪሐና በሳቅ ሞተች። በኋላ ግን ልክ ናቸው አለች፤ ገዢ ካጣ አጥማጁም ይተወዋል፣ ዓሣውን ለሚያመጣው ሹፌር እነግረዋለሁ አለች። ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ደህና ያደገች ደራክ ገዛን።

ጠበስኩ። አንድ ቁራሽ ቀመሱ። «ጨው አንሶታል» አሉና ደገሙ። ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ግንቦት 4
ፋሲካ አልፎ ቤቱ ሥጋ በሥጋ ሆኗል። ረፋዱ ላይ አማቴ ብቻቸውን ወጡ። ሲመለሱ በፌስታል ደራክ ይዘዋል። መስመሯን አይተው፣ ሆዷን ዳስሰው ነው የገዟት። ራሳቸው ሊሠሩ ነው ብዬ ቢላዋውን አቀበልኳቸው። መልሰው ሰጡኝ።

«ከእጅሽ ልበላ ብዬ እኮ ነው የገዛሁት» አሉኝ።