የሁለት መቶ አሥራ አራት ዘመዶች ጉዳይ

ለተከበሩ የአካባቢያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ማለትም ስብሰባ ላይ።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም የሁለቱን እግሮችዎን ጤና ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህንን ደብዳቤ ከትልቅ አክብሮት ጋር አቀርባለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ይዤ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ለእርስዎ የሚገቡ ማመልከቻዎችን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ክቡርነትዎ ጉዳዬን በጥሞና ተመልክተው» የሚለውን ሐረግ በሌላ ሰው ስም ስድስት ሺህ ጊዜ ሳልጽፈው አልቀርም፤ ዛሬ በራሴ ስም ስጽፈው ግን ሣቄ እየመጣ አስቸግሮኛል።

ጉዳዩ የታላቅ እህቴ ነው። ሰፈሩ በሙሉ እታለም ይላታል፤ ከዳቦ ቤቱ ጎን በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሁላችንንም ሱሪ የምታሳጥር፣ የሁላችንንም ዚፕ የምትቀይር ሴት ናት። የዛሬ አሥራ ሰባት ቀን አንድ የጭነት መኪና፣ መሥሪያ ቤትዎ ለውሃ ቧንቧ ብሎ ቆፍሮ ስምንት ወር የረሳውን ቦይ ሸሽቶ ወደ እግረኛ መንገድ ሲወጣ እሷን አገኛትና የቀኝ ጭኗን አጥንት ሁለት ቦታ ሰበረው። ሾፌሩ እያለቀሰ ሆስፒታል አድርሷታል፤ እሱም በሰው መኪና ተቀጥሮ የሚያድር ምስኪን ነው፤ መኪናው ደግሞ ኢንሹራንሱ ካለቀ ቆይቷል። ሐኪሙ የነገረን አጭር ነው፦ አጥንቱ ከመጪው ሐሙስ ሳያልፍ በብረት መታሰር አለበት፤ ካለፈ ተጣሞ ይገጥማል፤ ተጣሞ ከገጠመ ደግሞ ያ እግር ዳግመኛ የስፌት መኪና አይረግጥም። የተጠየቅነው ክፍያ ደግሞ እታለም በሁለት ዓመት ሰፍታ የማታገኘው ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ ላደረገልን ነገር የሚከተለውን ምስጋና በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. በአደጋው ማግስት ጠዋት «ጥንቃቄ፣ ቦይ አለ» የሚል ቆንጆ ቢጫ ምልክት ስላስተከሉልን እናመሰግናለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ቦይ መኖሩን ከእታለም ሌላ በተጨባጭ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ምልክቱ በሦስተኛው ቀን ቦዩ ውስጥ ወድቋል። አይጠፋፉም ብለን ትተነዋል።

2ኛ. ለሕክምናዋ ገንዘብ ለማሰባሰብ ፈቃድ ስንጠይቅ ስለተሰጠን መስተንግዶ። የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛዎ ተረጂዋ በአካል ቀርባ ትፈርም ሲሉን፣ እግሯ በገመድና በክብደት ወደ ላይ ተንጠልጥሎ አልጋ ላይ መሆኗን አስረዳናቸው። እሳቸውም ከልባቸው አዝነው፣ እንግዲያው ሙሉ ቁመናዋን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይበቃል አሉን። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች አነሳትና ፎቶውን አቁሞ አጠበው። ችግሩ፣ ፎቶው ሲቆም እታለምም ቆመች፤ አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ጸጉሯን በትና፣ ሠርግ ቤት የምትጨፍር ነው የምትመስለው። ሠራተኛዎ ፎቶውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ እንዲህ የምትደንስ ሴት እርዳታ አያስፈልጋትም ብለው መለሱልን። ፎቶውን ለእታለም ስናሳያት ከሣቋ የተነሣ ገመዱ ተወዛውዞ ነርሷ ተቆጥታናለች።

3ኛ. ይህ ቁጥር መሥሪያ ቤትዎ በእውነት የረዳንን ነገር ለመጻፍ የተያዘ ቦታ ነው። የሚጻፍ ሲገኝ እንሞላዋለን።

4ኛ. በሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ በር ላይ ያስቀመጥነውን የመዋጮ ሳጥን ሦስት ደንብ አስከባሪዎች ልከው በማስወሰድዎ፣ አሽገው በአደራ በማስቀመጥዎም ጭምር እናመሰግናለን። ካርቶን ሳጥን ነበር፤ አሁን ግን አራት ማኅተም አለበት፤ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። በሳጥኑ ምትክ የሰጡን ደብዳቤ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ጠቅሞናል። «ከታካሚ ዘመዶች በስተቀር ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ መዋጮ ማድረግም ሆነ ማሰባሰብ አይችልም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለጎረቤት ሁሉ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ሥራዬ ሆኖ የመሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ነው የማነበው፤ ሁለተኛውን ስጨርስ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ፣ ዘመድ ከሆነ ችግር የለም ማለት ነው አለ።

ክቡር ኃላፊ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታሉ የገንዘብ መክፈያ መስኮት ፊት ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ የመድኃኒት ቤቱን ጥግ ዞሮ ነበር። የክፍያ ደረሰኙ ላይ «ከታካሚ ጋር ያለው ዝምድና» የሚል መስመር አለ። መካኒኩ ወንድም ብሎ አስሞላ። ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ ወንድምና እህት ብለው አስሞሉ፤ እነሱ ባልና ሚስት ሆነው እንዴት ተብሎ ሲጠየቁ ያ የቤታችን ጉዳይ ነው አሉ። ያ የጭነት መኪና ሾፌር የወር ደመወዙን ይዞ መጥቶ፣ ዝምድናው ላይ ሲደርስ ከሰልፉ ሊወጣ ሲል ከኋላው የነበሩት ለገንዘብ ተቀባይዋ ወንድም በይው ብለው ጮኹለት። ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ባል ብለው ሊያስሞሉ ፈልገው፣ ለዚህ የታካሚዋ ፈቃድ ያስፈልጋል ተብለው ለጊዜው አጎት ሆነዋል። ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ ስትቆጣ፣ ቀጥላ ስትስቅ፣ በመጨረሻም የሥራ ሰዓቷ ሲያልቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ለራሷ ደረሰኝ ቆረጠች። እህት ይላል። እንዲህ በሁለት ቀን ውስጥ ክፍያው ሞላ፤ እኔ አንድ ብቻዬን የነበርኩት ወንድም ሁለት መቶ አሥራ አራት ዘመድ አገኘሁ። ሐኪሙ ዝርዝሩን አይቶ፣ እናታቸውን መመርመር ነበረብኝ ብሏል።

5ኛ. ይኸው ደስታችን በዝቶ እንዳይጎዳን አስበው ትናንት ሰኞ ለሆስፒታሉ ስለጻፉት ደብዳቤ። ከፋዮቹ በእርግጥ ዘመድ መሆናቸው በማስረጃ እስኪጣራ ድረስ ገንዘቡ ታግዶ ይቆይ ብለዋል። እያንዳንዳችን የዝምድና ማስረጃ ይዘን እንድንቀርብ፣ መስኮት ቁጥር አራት በቀን አሥር ሰው እንደሚያስተናግድም አሳውቀውናል። በሒሳብ ጎበዝ አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚህ አካሄድ ሐሙስ ብቻ ሳይሆን ከሐሙስ በኋላ ያሉ ሌሎች ሦስት ሐሙሶችም ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ለአንድ አንቀጽ ያህል ቀልዱን እንድተው ይፍቀዱልኝ። ፈርቻለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እታለም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ፔዳል እየረገጠች አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፤ አሁን የምጽፍበትን ኮምፒውተር የገዛችልኝ እሷ ናት። ለስድስት ሺህ ሰው ማመልከቻ ጽፌ ለእሷ አንድ ደብዳቤ ማሰረዝ ካቃተኝ ጠረጴዛዬን አጥፌ ቤቴ ብገባ ይሻለኛል። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገ ረቡዕ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት የእገዳውን ደብዳቤ ይሰርዙልን። ማጣራቱ ይቀጥል፤ እኛ የትም አንሄድም፤ እሷም በታሰረ እግሯ የትም አትሄድም።

የስረዛውን ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ካጡ፣ ረቂቁን በነጻ አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ የሚጎድለው ፊርማዎ ብቻ ነው።

ስብሰባዎ የተሳካ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ መንገድዎ ቦይ የሌለበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለሰጡን ነገር ሁሉ በአሥራ አንድ ዓመት ልምድ ከማውቀው ምስጋና ከሁሉ ረጅሙን አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ፣
ለራሱና ለሁለት መቶ አሥራ አራት ዘመዶቹ

ግልባጭ፦
— ለሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል
— ለፀጉር አስተካካዩ መስታወት (ተለጥፎ እንዲነበብ)

ማስታወሻ፦ ማጣራቱን ለማገዝ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ሳይ፣ ቁጥር ዘጠና ሰባት ላይ ደረስኩ። ከፋይዋ ከዘራ የያዙ እናት ናቸው፤ ቅደሙ ቢባሉ እምቢ ብለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፈው፣ ከመሐረባቸው ቋጠሮ ፈትተው ከፍለዋል። ዝምድናው ላይ «እናት» ብለው አስሞልተዋል። ስማቸውን ሳነብ የእርስዎ ወላጅ እናት ሆነው አገኘኋቸው። ማስረጃ ያስፈልጋል ካሉ ዛሬ ማታ ራት ላይ ቢጠይቋቸው ይቀላል፤ እኔ ግን ቃላቸውን አምኛለሁ። ስለዚህ እህትዎ ያለችው ሁለተኛ ፎቅ፣ አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ነው፤ ጠያቂ የሚገባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ነው። ከወንድሞቿ መካከል እስካሁን ሳይጠይቃት የቀረ እርስዎ ብቻ ነዎት።