ቀስ ስትል የምትሞተው መኪና

ሰኔ 4፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት

ዛሬም መኪናዋ ሚኒሞ አልያዘችም። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ሁለቴ ትተነፍሳለች፣ ጸጥ። የባሌ ታናሽ ወንድም ማ. (ሙሉ ስሙን አልጽፍም፤ ደብተሬ፣ በማን እጅ እንደምትገቢ አይታወቅም) ካንዴላዎቹን ሁሉ ለወጠ። መናኸሪያ ያለውን ጋራዡን ዘግቶ ግቢዬ ሲውል ሦስተኛ ቀኑ ነው። እጁ ሞተር ላይ፣ ጆሮው በር ላይ።

ባሌን ከያዙት በኋላ መኪናዋን ጎትተው መለሱልኝ። ስድስት ዓመት በሸራ ሥር ቆመች።

ሰኔ 5፣ ማክሰኞ፣ ቀትር

ማ. ዓርብ ጧት ከአዋሳ መውጣት አለበት። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ አብረውት ይጸልዩ ከነበሩት ሁለቱ ተወስደዋል። ቀጣዩ እሱ ነው፤ አንድ ሰው ከቀበሌ ሹክ ብሎታል። በሌላ ሰው ስም የይለፍ ወረቀት አለው። መውጫው ኬላ ላይ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ይፈተሻል። የቤት መኪና ግን ቀስ ስትል ወረቀት አይተው ያሳልፋሉ።

ቀስ ስትል ከሞተችስ? ያስወርዳሉ። ፊት ያያሉ። ባሌም የተያዘው እንዲሁ ነው፤ በዲላ መንገድ፣ እዚያው ኬላ ላይ።

እስከ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነድተን ሞከርናት። ስትሮጥ ሚዳቋ ናት። ዓሣ ገዢው መንገዱን ሲሞላው ቀስ አልን፣ ሞተች። አንዱ አጥማጅ ከት ብሎ ሳቀ፤ “እትዬ፣ ታንኳ ይሻልዎት ነበር!” ማ.ም ሳቀ። “ሩጪ ሲሏት ትሮጣለች፣ ቁሚ ሲሏት ትሞታለች። እንደኔው ናት፣ እትዬ።”

እኔ አልሳቅኩም።

ሰኔ 6፣ ረቡዕ፣ 10 ሰዓት

ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን ፑንቲና አስተካከለ። ካርቡሬተሩን ከላይ ከፍቶ ቀዳዳዎቹን ነፋ። ለውጥ የለም። ከእግሩ፣ ከሞተሩ ጋር ከታሰረበት ፍታው አልኩት። አይሆንም አለ። “ይሄ የወንድሜ እጅ ያሰረው ነው። የሱ እጅ አይስትም።” ብሎኖቹን ያሰሩትን የዛጉ ዳዶዎች በጨርቅ ጠርጎ ተዋቸው። የመቃብር ድንጋይ የሚጠርግ ይመስል ነበር።

የቀበሌው ጠባቂ ሁለቴ በበሩ አለፈ። በሁለተኛው ቆሞ መኪናዋ ልትሸጥ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። ማ. ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር። እግሩ ይታያል።

ሰኔ 7፣ ሐሙስ፣ ጧት

ደብተሬ፣ ላንቺም ሳልነግርሽ ኖሬያለሁ።

ባሌ እንግሊዝኛ አያነብም ነበር። የመኪናዋን መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት ታቅፌ የማነብለት እኔ ነበርኩ። እሱ ይፈታል፣ እኔ አነባለሁ። በካርቡሬተሩ እግር ሥር አየር ከገባ ሞተሩ ሚኒሞ አይይዝም የሚለውን ገጽ በቃሌ አውቀዋለሁ። በተያዘበት ሰሞን ምንም ሳይነግረኝ ልብስ ቋጠረ። ዲላ ሴት አለችው አልኩ። ፒያሳ ሲወጣ ጠብቄ ዳዶዎቹን ፈታሁ፤ ከሥር ያለውን፣ አየር እንዳይገባ የሚደፍነውን የወረቀት ጓርኒሲዮን በመቀስ ቆረጥኩ፤ መልሼ አሰርኩ። ከግቢ ሳትወጣ ትሞታለች፣ ይቀራል፣ እንነጋገራለን ብዬ።

ግን በጧት ብርድ ቾክ ስቦ ነው የሚነዳው። ቾክ ሲሳብ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሾልኮ የሚገባው አየር አያስታውቅም። ይህ ቀጣዩ ገጽ ላይ ነበር። አላነበብኩትም። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን መለሰ። ከዚያ ኬላው።

ዲላ ሴት አልነበረችውም። ሊያመልጥ ነበር። ያልነገረኝ፣ ሲጠይቁኝ የምናገረው እንዳይኖረኝ ነው።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት

ማ. ቤንዚን ፍለጋ ወጥቷል። ሞተሯን አስነሳሁ። ስትሞቅ ቾኩን መለስኩ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ካርቡሬተሩ እግር ላይ ዘይት ጠብ አደረግሁ። ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ወደ ውስጥ ተሳበ። ለጥቂት ጊዜ ሳትንቀጠቀጥ ዞረች፣ እንደ ድሮዋ። ከዚያ ሞተች። መጽሐፉ እንዳለው።

ዳዶዎቹን በራሴ ልፈታ ሞከርኩ። አልነቃነቅ አሉ፣ መዳፌ ተላጠ። የሱ ጉልበት ያስፈልጋል። ምክንያቱን ሳያውቅ ደግሞ አይነካቸውም።

ሐሙስ፣ 11 ሰዓት ተኩል

ከጫማ ካርቶን አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጫለሁ። የድሮውን ቁራጭ ከጥልፍ ሣጥኔ አወጣሁ። ሁለቱን ከመፍቻው አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ይፈታዋል። ከዚያ በኋላ እትዬ ብሎ ይጠራኝ እንደሆነ አላውቅም። ኬላውን ይለፍ ብቻ።

በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው፣ ሲያንኳኳ አውቀዋለሁ። የምለውን አንዴ ልጻፈው፣ አፌ እንዳይከዳኝ። ያሰረው ወንድምህ አይደለም፣ ያሰርኩት