የእረኛ ውሾችን ሆድ ያጠኑት የዶክተር ናፔዮክ ሎሙሪያ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ናፔዮክ ሎሙሪያ ከአባታቸው ከአቶ ሎሙሪያ ኤኪሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሩፔ፣ በቱርካና ሎኪታውንግ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1971 ተወለዱ። የአባታቸው ግመሎች ጠጥተው ሲመለሱ የቱርካና ሐይቅ አንድ ክንድ ይጎድል ነበር። እንደ አገሩ ሕፃን ሁሉ፣ ሲቆሽሹ ልሳ የምታጸዳቸው የራሳቸው ውሻ ነበረቻቸው።

በሎኪታውንግና በሎድዋር ተምረው፣ በናይሮቢ በእንስሳት ሕክምና ሲመረቁ መምህራኑ የሚጠይቁት አልቆባቸው ነበር። በ1998 ከአቶ ኤካሌ ጋር ተጋብተው ልጃቸውን አኪሩን ወለዱ።

ከ2006 ጀምሮ የእረኛ ውሾችን ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ፣ በአንጀታቸው የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ዘረመል መረመሩ። በከተማ ውሻ ሆድ ጥቂት ዝርያ ሲገኝ፣ ሕፃን በምትልሰው ውሻ ሆድ ግን አንድ መንግሥት ሙሉ ሕዝብ ሰፍሮ አገኙ፤ አንዳንዱ ከአንድ መንደር ውጪ የትም የለም። ምኞታቸው ይህ ሁሉ ሳይጠፋ በሕይወት እንዳለ ማቆየት ነበርና፣ መሥሪያ ቤታቸው አውሷቸው በቤታቸው ያለውን የፀሐይ ኃይል ማቀዝቀዣ ናሙና በያዙ ብልቃጦች ሞሉት።

በ2016 ዶክትሬታቸውን ሲያገኙ አጎታቸው አቶ ኤሞሮት በሬ ጣሉ። ድግሱ እስከ ኡጋንዳ ድንበር ሰው አላስቀረም። አጎታቸው ለማግስቱ እንግዳ ሥጋ ማሳደሪያ ሲፈልጉ ማቀዝቀዣውን ከፈቱ። «ውይ ልጄን! ይህን ሁሉ ተምራ የውሻ አር ታሳድራለች?» ብለው ብልቃጦቹን ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ድግሱ ሲያልቅ ግን፣ አክባሪ ናቸውና፣ ወልውለው በየቦታቸው መለሷቸው።

ዶክተር ናፔዮክ ብልቃጦቹን ናይሮቢ ወስደው ባክቴሪያዎቹን ለማራባት ቢሞክሩ አንዱም ነፍስ አልዘራም። ተመልሰው «ለመሆኑ የድግሱ ሥጋ የት አደረ?» ሲሉ፣ አጎታቸው ደረታቸውን ነፍተው «በአንቺ ሣጥን ነዋ! ብልቃጥሽ እንደሆነ አንዲት አልጎደለችም፤ ቁጠሪያት!» አሉ።

«አልጎደለችም አጎቴ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሏቸው። አቶ ኤሞሮት በ2020 እስኪያርፉ ድረስም እውነቱን አልነገሯቸውም።

እንደገና ለመሰብሰብ ተነሡ። በመካከሉ የገቡት ድርቅና የውሻ በሽታ መንደሮቹን ፈትተዋቸው፣ የተረፉት ውሾች መጠለያ ዳር የእርዳታ ገንፎ ይልሱ ነበር፤ ሆዳቸውም እንደ ከተማ ውሻ ሆኖ ተገኘ። አኪሩ «እማ፣ በቃሽ እንጂ!» ስትላቸው «ከፊት ባለው መንደር አይጠፋም» ይሉ ነበር። ከፊት መንደር አልነበረም።

ባደረባቸው የጡት ካንሰር በሎድዋር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 9 ቀን 2024 አረፉ። ባለቤታቸውና ልጃቸው በሐዘን ቀርተዋል። ሥራቸውን የሚረከብ ሰው ተፈልጎ አልተገኘም፤ መሥሪያ ቤታቸውም ከሐዘን መግለጫው ጋር ማቀዝቀዣው እንዲመለስለት ጠይቋል።

በዓይን የማይታየውን ፍጥረቱን ሁሉ በየስሙ የሚያውቀው የቱርካና አምላክ አኩጅ፣ ለእኛ ከጠፋው ጋር እርሳቸውንም በእጁ ያኑርልን። አሜን።