በእርሳስ የተሞላ ቅጽ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ፣ ከጉልበቴ በቀር፣ ደህና ነን።

እህትህ ፈተናዋን አልፋለች። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን፣ ያንተን እንዳደረግኩት፣ መጀመሪያ በእርሳስ ሞላሁት። ስታነበው ሳቀች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የወንድሜ የልደት ቀን ነው! በአንዴ ልታስረጀኝ ነው?»

በላጲስ አጠፋሁት።

አንደኛ ምርጫዋ አንተ የተማርክበት ነው፤ ከሁሉም የሚርቀው። ቅርብ ያለውን ባሳያት፣ «በየወሩ እጽፍልሃለሁ፣ አታስብ» አለችኝ። አንተም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ ብለኸኝ ነበር፤ ዘንድሮ ስምንት ዓመቱ። ምርጫዋ ነውና በእስክሪብቶ ጻፍኩላት።

አንድ ጊዜ ጻፍላት፤ ለእኔ ባይሆንም። በል ደህና ሁን። አድራሻችን አልተለወጠም፤ ምናልባት ጠፍቶብህ እንደሆነ፣ ፖስታው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

አባትህ